የጴጥሮስ እንባ በዘይት ጠርሙስ

እናቴ እስክትሞት ድረስ «ያዳነኝ ቅዱስ ጴጥሮስ ነው» እያለች ኖረች፤ እኔም አፌን ዘግቼ ኖርኩ። አሁን እሷም የለች፣ አባቴም የለ፣ እኔም ጥርሴ ረግፎ ዳቦ በሾርባ ካልራሰልኝ የማልደፍር አሮጊት ሆኛለሁ። ከእንግዲህ የምፈራው ሰው የለኝም፤ ስለዚህ ልናገረው። እናቴን ያዳናት ጴጥሮስ አልነበረም። ሰው አድኗት ከሆነ ያዳናት ኖፍሪዮ የሚባል መረብ ጠጋኝ ነው። እሱን ደግሞ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ በንጹሕ ልቤ።

ጊዜው ሕዝቡ በስፔኖች ላይ ያነሣው ዓመጽ ማግስት ነው። ስፔኖች ናፖሊን መልሰው ከያዟት ዓመት ሆኗቸዋል። በገበያው በር ላይ የብረት ቅርጫቶች ተሰቅለው ነበር፤ በየቅርጫቱ ውስጥ የአንድ ዓመጸኛ ራስ አለ። አክስቴ ፖርዚያ በዚያ በኩል ስናልፍ እጄን ጨምድዳ ይዛ «ጫማሽን እያየሽ ሂጂ» ትለኛለች። አንድ ቀን ሰርቄ ቀና ብል የበሰበሰ ጎመን መሰለኝና፣ ለምን እዚያ ላይ እንደሚያስቀምጡት ገረመኝ።

አባቴ ቲታ ሠዓሊ ነበር። የምንኖረው ከገበያው ጀርባ፣ ከዓሣ ጠባሹ በላይ ነው፤ የአባቴ መሥሪያ ክፍል ከሁሉም በላይ ጣሪያው ሥር ነበር። ቤታችን ከታች የዓሣ ጭስ፣ ከላይ የተልባ ዘይት ይሸታል። በዚያ ዓመት አንድ ማኅበር ለጸሎት ቤቱ የሚያለቅስ ጴጥሮስ እንዲሥልለት አዝዞት ነበር፤ ጌታውን «አላውቀውም» ብሎ ከካደ፣ ዶሮውም ከጮኸ በኋላ ያለውን ጴጥሮስ። አባቴ ፊቱን ሦስት ጊዜ ሥሎ ሦስት ጊዜ በቢላ ፋቀው። የማኅበሩ አለቃ እያለከለከ ደረጃውን ወጥቶ ሦስተኛውን ሲያይ፣ «ማስትሮ ቲታ፣ ይኼ ጌታውን የካደ ሰው አይደለም፤ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ነው» አለው።

እውነቱን ነው። ለሥዕሉ የተቀመጠው የወደብ ተሸካሚ፣ አባቴ ዓይኑ ሥር ሽንኩርት እያሸለት ነበር የሚያለቅሰው። አለቃው ግን ቀልዶ አልሄደም። ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ከመሰቀላቸው በፊት የሚናዘዙት በዚያ ጸሎት ቤት ነው። «እነዚያ ሰዎች ይኼን ፊት አይተው ምሕረት እንዳለ ማመን አለባቸው» አለ። «የውሸት እንባ ያውቃሉ።» አባቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማው።

እናቴ ግራዚያ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ተኝታ ነበር። በገና ሰሞን ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ልጁ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት እየተመላለሰ ያነዳት ጀመር። አንድ ቀን ደህና ትሆናለች፣ በማግስቱ ጥርሷ ይንገጫገጫል። እኔን የሚያስገቡኝ በደህናዋ ቀን ብቻ ነው። ፀጉሬን ልትሠራኝ ትጀምርና እጇ ይዝላል፤ ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ እወጣለሁ። ያን ሰሞን ከዓለም ሁሉ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ ሌላውን ግማሽ እንድትጨርስልኝ።

ቤቱን የያዘችው ታላቅ እህቷ ፖርዚያ ነበረች። ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ቅዱሳንም ይፈሯታል ብል አላጋነንኩም። መደርደሪያው ላይ ሦስት ትንንሽ የቅዱሳን ምስሎች አሏት። ሻማ ታበራላቸዋለች፣ ትለማመጣቸዋለች፣ እናቴ ሲብስባት ደግሞ ወገቧን ይዛ ፊታቸው ትቆማለች። «አንተ ቢጫ ፊት! ሻማ ስትበላ ትችልበታለህ፣ አንዲት ሴት ማዳን ያቅትሃል? እህቴን ታድናታለህ ወይስ አታድናትም? ቁርጡን ንገረኝ!» መልስ ካላገኘች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ታዞራቸዋለች። «እስክትታረሙ እዚያው ቆዩ!»

ይህ በእኛ ከተማ ነውር አይደለም። የቅዱስ ጄናሮ ደም በጠርሙስ ተቀምጦ በካቴድራላችን አለ፤ በዓሉ ሲደርስ የረጋው ደም ካልፈሰሰ ለከተማዋ መከራ ይመጣባታል። ደሙ ሲዘገይ ባልቴቶቹ ከፊት ቆመው ቅዱሱን እንደ ሰነፍ ባል ይሰድቡታል። አምስት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ አይቼዋለሁ። እንደ ሬንጅ የጠቆረው ነገር ድንገት ሲንቀሳቀስ ሕዝቡ ጮኸ፣ አክስቴም እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በልቤ ተተከለ፤ ከቅዱስ ሰው የወጣ ነገር ጠርሙስ ከገባ ያድናል።

ኖፍሪዮ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። አባቴ ከባሕሩ ዳር ፈልጎ አመጣው። ራሰ በራ፣ ጢሙ ሽበት የወረረውና የተጠቀለለ፣ አንገቱ ፀሐይ የሰነጣጠቀው ሰው ነበር። ቆቡን በሁለት እጁ ጨምቆ በር ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለችው አክስቴ። «በር ላይ የቆምከው ልትባርከን ነው?»

«እግሬ ቆሻሻ ነው፣ እመቤቴ።»

«የዚህን ቤት ወለል ባየህ! ግባ ባክህ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ «አንተ ቲታ፣ ቁርጥ ጴጥሮስን አይደል እንዴ! ከየት አገኘኸው?»

«ዓሣ አጥማጅ ነበር። አሁን መረብ ይጠግናል» አለ አባቴ። ዓይኑን ከኖፍሪዮ ላይ አላነሣም።

እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ይኼም ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አክስቴም ጴጥሮስን ነው አለች። በቃ፣ ለእኔ ነገሩ አለቀ። አትሳቁብኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እናቴም ልትሞት ነው። መቶ ዓመት የሞላው ሽማግሌ መሰለኝ። አሁን ሳሰላው ሃምሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ከዛሬዋ ከእኔ ያነሰ ሰው ነበር።

አባቴ ቡናማ ካባ አልብሶ ከድንጋይ ላይ አስቀመጠው፤ ከጉልበቱ ሥር ሁለት ትልልቅ ቁልፎች አኖረለት። አባቴ ቀለም ሊቀምም ዞር ሲል ተንፏቅቄ ተጠጋሁት።

«ጋሽ ኖፍሪዮ፣ ይኼ የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ ነው?»

አንሥቶ አገላብጦ አየው። አሸተተው። «ይኼ እንኳ የጓዳችሁ ይመስለኛል። አይብ አይብ ይሸታል።»

«እናቴ ብትሞት ትከፍትላታለህ?»

ቁልፉን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠ። «እናትሽ አትሞትም።»

«ማልልኝ!»

«እኔ አልምልም፣ ልጄ። የእኔ መሐላ አይታመንም።»

ይህንንም ከትሕትናው ቆጠርኩለት።

በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ይመጣ ነበር። ባዶ እጁን አይመጣም፤ ወይ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ወይ ሁለት ደረቅ በለስ ከቀበቶው ሥር ያወጣልኛል። እረፍት ሲሆን የመረብ ቋጠሮ ያስተምረኛል። «አሁን ጠበቅ፣ አሁን ላላ። ካጠበቅሽው ዓሣው ይቆስላል፣ ካላላሽው ያመልጣል» ይለኛል፤ ዓሣ ሊቆስል ይችላል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ አሳዘነኝ። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ በገበያው በር አያልፍም፤ ባሕሩን ዞሮ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። ለምን ስለው «ነፋሱ ይሻለኛል» አለኝ። እኔም አመንኩት።

አባቴ ሥራ ሊጀምር ሲል አንድ ልማድ ነበረው። ብሩሹን ያስቀምጣል፣ ወደ ኖፍሪዮ ይጠጋል፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ይለዋል። የኖፍሪዮ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እንባው ይመጣል። እንደ ተሸካሚው ማንኮራፋት፣ ፊት ማጨማደድ የለም። ዓይኑን ወደ ጣሪያው መስኮት አንሥቶ ዝም ብሎ ይፈስሳል፤ ጉንጩን ወርዶ ጢሙ ውስጥ ይጠፋል። አባቴ ያን ጊዜ እንደ እብድ ይሠራል። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ አየዋለሁ።

ምን እንደሚለው ልሰማ ፈለግሁ። አንድ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ የቀለም ጠረጴዛው ሥር ተደበቅሁ። አባቴ ጎንበስ አለ። «ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?» አለው፤ በወታደር ድምፅ፣ ደረቅ አድርጎ።

«አላውቀውም» አለ ኖፍሪዮ።

ከዚያ እንባው መጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ ገባኛ! ገረዲቱ ጴጥሮስን ስትጠይቀው፣ እሱም አላውቀውም ሲል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ሲሉ ሕዝቡ እንደሚመልሰው ማለት ነው። አባቴ ይላል፣ ጴጥሮስ ይመልሳል፣ እንባው ይወርዳል። ጸሎት ነው፤ መቼም የማይረሳኝ ጸሎት።

ጸሎት አልነበረም። ኖፍሪዮ ካርሚኔ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ስፔኖች ሲመለሱ ከዓመጸኞቹ ጋር ተይዞ በገበያው አደባባይ ተሰቀለ፤ ራሱም በገበያው በር ላይ ካሉት ቅርጫቶች በአንዱ ገባ። የዓመጸኛ አባት መሆኑ የታወቀበት ሰው ቤቱ ይፈርሳል፣ እሱም በሰንሰለት ታስሮ መርከብ ይቀዝፋል። ልጁን በጋሪ ሲወስዱት ሕዝቡ መሃል የቆመውን ኖፍሪዮን አንድ ወታደር ጠየቀው፤ «ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?» አላውቀውም አለ። ልጁም እየሰማው ነበር። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አክስቴ ግን በጊዜው ሳትጠረጥር አልቀረችም።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ አባቴን ስትይዘው ሰማኋት። «ቲታ፣ ሰውዬውን ምን እያልከው ነው? ሲወርድ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚወርደው።»

«ሥራዬ ነው፣ ፖርዚያ።»

«የሰው ቁስል መነካካት ነው ሥራህ? እግዜር አያይም?»

«እግዜር ሥዕሉን ያያል» አለ አባቴና ጥሏት ወጣ።

ቁስል እንዳለው በዚህ አወቅሁ። ከጓዳ የአሳማ ሞራ ሰርቄ ሄድኩ። «ቁስልህ የቱ ጋ ነው?» አልኩት። መዳፉን ዘረጋልኝ፤ ሲባጎ የበላው ስንጥቅ አለበት። «ይኸው እዚህ ጋ ነው» አለ። ሞራውን እስክጨርስ አሸሁለት። «ተሻለህ?» አልኩት። «በጣም ተሻለኝ» አለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንጀቴ እሳት ናት፣ ያቺ «በጣም»።

ከበዓለ ኀምሳ በኋላ እናቴ ደህና ቀን የሚባል ነገር ቀረላት። ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ክፍሏ አላስገቡኝም። ግማሹ ጉንጉን ራሴ ላይ ተበጣጥሶ ነበር፤ አክስቴ ልትፈታልኝ ስትል ጮኼ ሸሸኋት። በአራተኛው ቀን አክስቴ ሦስቱንም ቅዱሳን ወደ ግድግዳው አዞረቻቸው። መሳደቡንም ተወችው። ከስድቡ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራኝ። አባቴም ቆቡን አድርጎ የመጨረሻውን ቅባት የሚቀባ ቄስ ሊጠራ ወጣ።

ትንሿን የተልባ ዘይት ጠርሙስ በአመድና በሙቅ ውኃ አጥቤ አዘጋጅቻት ነበር። እሷን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ኖፍሪዮ ካባውን ለብሶ ብቻውን ተቀምጧል።

«አባትሽ የለም እንዴ?»

«ቄስ ሊጠራ ሄደ። እናቴን ሊቀቧት ነው።»

ብድግ ብሎ ካባውን ማውለቅ ጀመረ። «እንግዲያማ ዛሬ የሥራ ቀን አይደለም። ልሂድ።»

«አትሂድ! አልቅስልኝ!» ጠርሙሷን ዘረጋሁለት። «የጄናሮ ደም ከተማውን የሚያድን ከሆነ ያንተ እንባ አንዲት ሴት አያድንም?»

ሊስቅ ከጀለውና ፊቴን ሲያይ ተወው። ተንበረከከ። «ዜዛዬ፣ እኔ እኮ ጴጥሮስ አይደለሁም። ኖፍሪዮ ነኝ፣ መረብ ጠጋኙ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። እንደዚያ እንደሚል ጠብቄ ነበር፤ ጴጥሮስ መካድ ልማዱ ነው።

«እንባ ደግሞ በትእዛዝ አይመጣም፣ ልጄ።»

እንዴት እንደሚመጣ እንደማውቅ አላወቀም። በእግሬ ጣቶች ቆሜ በጆሮው፣ ልክ እንደ አባቴ ድምፄን አድርቄ፣ «ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?» አልኩት።

ትከሻዎቼን ያዘኝ፤ መዳፉ ላይ ያለው ስንጥቅ በቀሚሴ ላይ ይሰማኛል። «ማን ነገረሽ?»

«አባባ በየቀኑ ሲልህ ሰምቼ ነው። እኔም ልበልህ ብዬ ነው። እናቴ እንዳትሞት።»

ከታች የዓሣ ጠባሹ መጥበሻ ሲንጫጫ ይሰማል። እንባው አልመጣም። ደግሜ ጠየቅሁት፤ «ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አለ።

«ተሳሳትክ!» አልኩት ተናድጄ። «እንደሱ አይደለም የሚባለው። ‹አላውቀውም› ነው የሚባለው! ሁልጊዜ እንደዚያ አይደል የምትለው?»

«አዎ፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምለው። አውቀዋለሁ። ካርሚኔ ነው። የእኔ ልጅ ነው።» ከዚያ ከሆዱ የወጣ፣ ሰምቼ የማላውቀው ድምፅ አሰማ፤ ጎንበስ ብሎ እንደ በሬ አገሳ። በዚያ ሁሉ ግን አልረሳኝም። ጠርሙሷን ከእጄ ወስዶ ራሱ ከዓይኑ ሥር ያዘልኝ። ግማሽ ሲሞላ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ሰጠኝ። «በይ ሩጪ፣ እናትሽ ጋ» አለኝ። የጓዳውን ቁልፎች አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጣቸው፣ ካባውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረ፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ፣ ግድግዳ ሳይደገፍ ደረጃውን ወረደ።

በመስኮት አየሁት። ወደ ባሕሩ አልዞረም። በቀጥታ ወደ ገበያው በር ሄደ።

አክስቴ ጠርሙሷን ስታይ «ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። «ጴጥሮስ ሰጠኝ» አልኳት። አማትባ ተቀበለችኝ፤ በዚያ ሰዓት ሰይጣንም ቢሰጠኝ የምትቀበል ይመስለኛል። የእናቴን ግንባርና ከንፈር ቀባን። ቄሱ መጥተው ቀቧት፣ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ላብ አጠመቃት። በአራተኛው ቀን ሾርባ ጠየቀች። አንድ ሐኪም በኋላ እንደነገረኝ እንዲህ ያለው ትኩሳት አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ እናቴ ፊት ይህን የሚል ሐኪም ግን ወዮለት። አክስቴ ቅዱሳኑን መልሳ ወደ ሰው አዞረቻቸው፣ ይቅርታም ጠየቀቻቸው።

አባቴ ያን ቀን ወደ ላይ ወጥቶ የተጣጠፈውን ካባ አየ። «ጋሽ ኖፍሪዮ ተሳሳተ፣ አባባ» አልኩት። «ብጠይቀው ‹አውቀዋለሁ› አለ። ከዚያ ወደ ገበያው በር ሄደ።» አባቴ ካባው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሊወጣ ተነሣ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ተመለሰ። ከዚያ ብሩሹን አንሥቶ በሁለት ቀን ሥዕሉን ጨረሰው። እንባውን በቃሉ ነው የሣለው። በእናቴ ሕመም የተደናገጠ መሰለኝ።

እናቴ በሳምንቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፀጉሬን ሠራችኝ፤ ሁለቱንም ግማሽ። በማግስቱ አክስቴ ዓሣ ልትገዛ ይዛኝ ወጣች። ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ ላይ ሕዝብ ቆሟል። ወታደሮች በግራና በቀኝ ሆነው በሰንሰለት የተያያዙ ሰዎችን ያሳልፋሉ። በዓል መሰለኝ፤ የቅዱስ ጄናሮ ምስል ሲወጣም ወታደር ነው የሚያጅበው። ከታሰሩት መሃል አንዱን በአንገቱ ለየሁት። ጢሙን ላጭተውታል። ራሱ አብጧል፣ በደም የተነከረ ጨርቅ ጠምጥሟል።

እጄን ከአክስቴ አስለቅቄ ሮጥኩ። «ጋሽ ኖፍሪዮ! ጋሽ ኖፍሪዮ! እናቴ ዳነች! ፀጉሬን እየው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ሲበራ አይቻለሁ፤ ማንም ቢለኝ ይህን አልክድም። ግን አንድ ወታደር በጦሩ እንጨት መንገዴን ዘጋ። ወደ አክስቴም ወደ እኔም አየና፣ በደረቅ ድምፅ፣ በተሰባበረ አነጋገር ጠየቀኝ።

«አንቺ። ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

አክስቴ ከኋላዬ ደርሳ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች። እኔ ግን አልፈራሁም። ጸሎቱን አወቅሁታ! ኖፍሪዮ በዚያ ቀን መልሱን ስቶት ነበር፤ ዛሬ እኔ በትክክል ልመልስለት ነው። ደረቴን ነፍቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚባለው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አላውቀውም!» አልኩ።

ኖፍሪዮ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «ተዋት» አለው ወታደሩን። «ሌላ ሰው መስዬአት ነው።»

ሰንሰለቱ ተጎተተ፣ ሰዎቹ ሄዱ። እንባ ሲመጣለት አላየሁም። አክስቴ ወደ ቤት እየጎተተችኝ «ጎበዝ፣ ጎበዝ ልጅ» ትለኛለች፤ ታለቅሳለችም። ዓሣውን ሳንገዛ ተመለስን። ኖፍሪዮ በመጀመሪያው ክረምት መቅዘፊያው ላይ እንዳለ ሞተ።

ሥዕሉ ዛሬም በማኅበሩ ጸሎት ቤት አለ። ሰዎች ከሩቅ መጥተው ያዩታል። «የሣለው ሰው ቅዱስ መሆን አለበት» ይላሉ፤ እኔም በጴጥሮስ ቀን ከኋላቸው ቆሜ እሰማለሁ። ወደ እግሩ አያለሁ እንጂ ወደ ፊቱ አላይም። ከእግሩ አጠገብ የጓዳችን ቁልፎች አሉ።

አባቴ ሊሞት ሲል፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ቄሱን ሸኝቼ ስመለስ እጄን ያዘኝ። «ለቄሱ ያልነገርኩት አለ» አለኝ። በልጅነቴ ሣጥኑ ውስጥ ያየሁትን ሁለት የዓይን ቀዳዳ ያለውን ነጭ ልብስ አስታወሰኝ፤ እኔ በሕማማት ሰልፍ የሚለበስ ነበር የሚመስለኝ። አባቴ ሥዕሉን ያዘዘው የዚያ ማኅበር አባል ነበር። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ የሚሰቀሉትን ሰዎች እስከ መሰቀያው የሚያጽናኑት እነሱ ናቸው። የሰሙትን ላይናገሩ ምለዋል።

«ካርሚኔን ያጽናናሁት እኔ ነበርኩ» አለኝ። «ከጋሪው ጎን ነበርኩ። ሁሉን ሰምቻለሁ። የአባቱን ፊት ሳይ ‹ይኼ ነው› አልኩ፣ ዜዛ። ልጁ ገና በሕይወት እያለ፣ እኔ ስለ ሥዕሌ አሰብኩ።»

ትራሱን አስተካከልኩለት።

«ማኅበሩ በዓመት አንድ ሰው የማስፈታት መብት ነበረው። ኖፍሪዮ ከልጁ ቅርጫት ሥር ቆሞ ‹ልጄ ነው› ብሎ ሲያዝ ‹የምታውቁት ሰው አለ?› ብለው ጠየቁን። ተነሥቼ አውቀዋለሁ ብል፣ ከየት አወቅኸው ሊሉኝ፣ መሐላዬን ማፍረሴም ሊታወቅ ነው። ሌላ ሰው ተፈታ።»

«ልጁስ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። «ካርሚኔ፣ አባቱ ሲክደው ምን አለ?»

«‹አባዬ!› ብሎ የጠራው እሱ ነበር፤ ወታደሩ የጠየቀውም ለዚያ ነው። አላውቀውም ሲል ልጁ ሰማ። ወዲያው ወታደሩን፣ ‹ተወው፣ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው› አለው።»

በወደቡ መንገድ ላይ፣ በዚያች በተጎነጎነች ራሴ፣ በተነፋው ደረቴ ያን መልስ ስመልስ ኖፍሪዮ ምን እንደሰማ ያኔ ገባኝ። ልጁ የሰጠውን ነው ለእኔ የሰጠኝ።

እናቴ ድምፃችንን ሰምታ ገባች። ጠርሙሷን ይዛለች፤ እንባው ከደረቀ ቆይቷል፣ ከሥሯ ትንሽ ጨው ብቻ ቀርቷል፤ እሷ ግን በሐር ከረጢት አድርጋ አንገቷ ላይ ነበር የምታኖራት። «ቲታዬ፣ ጴጥሮስ በሩን ይክፈትልህ» ብላ ግንባሩን ልታስነካው ጎንበስ አለች። አባቴ የቀረችውን ጉልበት ሰብስቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ትኩሳቱ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት። «ትኩሳቱ ነው።»